ያለው አይቸኩልም

ይኸው ደግሞ ዝም አለ። ተራው የሱ ነው፣ ከስሙ ጎን ያለችው አረንጓዴ መስመር እያጠረች ነው፣ እኔም ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ስቤ፣ ስልኩን ደረቴ ላይ አቁሜ እጠብቀዋለሁ። ውጭ ቀን ነው። ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው፣ የኔ ሥራ የሌሊት የልብስ ማጠቢያ ቤት ሥራ ስለሆነ መጋረጃውን በልብስ መቆንጠጫ አያይዤ የራሴን ጨለማ ሠርቻለሁ፣ ጨለማውም እንደ ሠሪው ጎደሎ ነው፣ በመሃል ቀጭን ብርሃን ያስገባል፣ ድሮ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ያቺ ብርሃን ከቁም ሳጥኑ ተነስታ ግድግዳውን ስታቋርጥ አያት ነበር፣ አሁን ግን ዝምተኛውን አግኝቻለሁና እሱን አያለሁ። ዝምተኛው ያልኩት እኔ ነኝ። ራሱን የሚጠራበት ስም ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ነው፣ የመኪና ታርጋ ይመስላል፣ እናት ያለው ፍጡር ለራሱ እንዲህ ያለ ስም ያወጣል? እኔማ ማሽን ነው ብዬ ጠርጥሬአለሁ። የሚያስቀው ግን እነሱ የሚጠረጥሩት እኔን ነው፤ ልገባ ስል በሩ ላይ ያስቆሙኛል፣ ሮቦት አለመሆንህን አረጋግጥ ይሉኛል፣ የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች ምረጥ ይሉኛል፣ እኔም ምሰሶው ይቆጠር አይቆጠር እያልኩ እጨነቃለሁ፣ እሳሳታለሁ፣ እንደገና ያስመርጡኛል፣ አንዳንድ ቀን እኔም ራሴን እጠራጠራለሁ።

ጨዋታው ፖከር ነው፣ የሁለት ሰው ብቻ፣ አንድ ለአንድ። ለየራሳችን ሁለት ሁለት ካርታ ተደፍቶ ይሰጠናል፣ መሃል ላይ አምስት ካርታ በየተራ ይገለጣል፣ የተሻለ የገጠመለት መሃል የተቆለለውን ጠጠር ይበላል፤ ጠጠር የምለው በገንዘብ ፋንታ የምንገፋውን ክብ ክብ ነገር ነው። እስከዚህ ሕፃንም ይገባዋል። ቁም ነገሩ ምንም ያልገጠመለትም መብላት መቻሉ ነው፤ ጠጠሩን ገፋ አድርጎ ሌላውን ካስፈራራና ካርታውን ካስጣለው፣ ምን ይዘህ ነበር ብሎ የሚጠይቀው የለም፣ ማየት የፈለገ እኩል ከፍሎ ነው የሚያየው። የምንጫወትበት ገንዘብ ለአንድ ምሳ አይበቃም፣ ሀብታም ልሆን አይደለም የተቀመጥኩት። እኔ የምፈልገው ሰው ሲዋሽ ማወቅ ነው። ይሄ ደግሞ የአባቴ ሙያ ነው።

አባቴ ደላላ ነው። ነው እላለሁ፣ ነበር አልልም፣ ነበር በል ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ከአሮጌ ብስክሌት እስከ ቤት፣ ከስፌት መኪና እስከ ወፍጮ ያላሻሻጠው ነገር የለም፣ በሻጭና በገዢ መሃል ቆሞ አንዱንም «ተበላህ»፣ ሌላውንም «ተበላህ» እያለ ሁለቱንም ያስቃቸው ነበር፤ ይኸው፣ ነበር አልኩ። ምላሱ ነው ያሳደገን። ከትምህርት ቤት ስመለስ ገበያ አጠገቡ እቆማለሁና ሰውዬው ሲሄድ ጎንበስ ብሎ ይነግረኛል፣ ያለው አይቸኩልም፣ አየኸው፣ ዋጋ ጠርቶ ዝም አለ፣ ያ ሰው ዕቃው በእጁ ነው፤ ያኛው ግን ቶሎ ቶሎ ተናገረ፣ ባዶውን ነው። ሌላም አለው፣ እውነት አጭር ናት፣ ውሸት ግን ጓዟ ብዙ ነው፣ ብቻዋን መንገድ አትወጣም። እኔ እንግዲህ ይሄን ይዤ ነው ባሕር ተሻግሬ በስልክ ቁማር የምጫወተው፣ ቢሰማ ምን ይል ይሆን፣ ኮሚሽኑ ስንት ነው ይለኛል።

ዝምተኛው መጀመሪያ ላይ ይበላኝ ነበር። ብዙ ጠጠር በፍጥነት ሲገፋ እደነግጥና ካርታዬን እጥላለሁ። በኋላ የአባቴ ነገር ትዝ አለኝ፣ ሲቸኩል እየተከተልኩ ካርታውን አስገለጥኩት፣ ባዶ፣ እንደገና አስገለጥኩት፣ ባዶ፤ ሲዘገይ ደግሞ ጥዬ እወጣለሁ። ደስ አለኝ፣ አልጋዬ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። ደስታዬ ግን ዕድሜ አልነበረውም። አንድ ቀን አረንጓዴዋ መስመር ልታልቅ ጥቂት እስክትቀር ዝም ብሎ ቆየና ገፋ፣ ይዟል ብዬ ጣልኩ፣ እሱም እጁን ገልጦ አሳየኝ፣ ምንም የለውም። እያነበብኩት መሆኑን አንብቦ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ቸኩሎም ይዋሻል፣ ዘግይቶም ይዋሻል፣ ቸኩሎም እውነት ይናገራል፣ እኔ ደግሞ እሱ ያወቀውን ማወቄን ያውቅ ይሆን እያልኩ አንሶላ ሳጥፍ አድራለሁ።

እትዬም እንዲሁ አደረገችኝ። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፣ አባባ የሚኖረው እሷ ጋ ነው፣ በሱ ስልክ ስደውል ዝግ ስለሚለኝ በሷ እደውላለሁ። ድሮ አባባስ ስላት፣ «ወጥቷል» ነው መልሷ፣ አለቀ። ዝናቡ ከገባ በኋላ ግን አንድ ቀን ስደውል እንዲህ አለችኝ፣ «ወጥቷል ማሙሽ፣ ያ ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን የለም? እሱ ጋ ነው የሄደው፣ ቡናማ ኮቱ እጅጌው ረዝሞበት ሊያሳጥር፣ ስልኩን ደግሞ ቻርጅ ላይ ረስቶት፣ ቻርጀሩም እኮ ተበላሽቷል።» ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት። አባቴ ኮት አሳጥሮ አያውቅም። የሰው ኮት ይገዛል፣ ለብሶት ይከርማል፣ አትርፎ ይሸጠዋል፣ እጅጌው ቢረዝም ያጥፈዋል። ይቺ ጓዟ የበዛ ነገር ምንድን ናት አልኩ። በሌላ ቀን ደወልኩ፣ ልብስ ሰፊው ስንት አስከፈለው ብዬ ጠየቅሁ፣ የቱ ልብስ ሰፊ አለችኝ፣ በሚቀጥለው ግን ተስተካክላ መጣች፣ «ተኝቷል» ብቻ፣ ሌላ ቃል የለም። ብታረዝም ጠረጠርኩ፣ ብታሳጥር ይባስ ጠረጠርኩ።

የምጠረጥረውን ማንም የኛ ሰው ይገባዋል። ውጭ አገር ላለ ሰው ሞት በስልክ አይነገርም። ደህና ነው፣ ደህና ነው፣ ወጣ፣ ተኛ፣ ገላውን እየታጠበ ነው ይባላል፣ ሬሳው አፈር ከለበሰ በኋላ አገር ቤት የሚያውቁ ሰዎች እዚህ ያሉ ሰዎችን ይፈልጋሉ፣ እነዚያም ተጠራርተው አንድ ማለዳ በርህን ያንኳኳሉ፣ ገና ፊታቸውን ስታይ ታውቀዋለህ። እኔ ቀድሜ ላውቅ ነው የምፈልገው። ለምን በቀጥታ አልጠየቅሁም? ጠይቄ ብትመልስልኝስ? ካርታ ለማየት መክፈል አለብህ አልኩ እኮ፣ እኔ የምከፍለው አልነበረኝም። መጨረሻ ጊዜ ራሱ አባባ ደውሎልኝ ነበር፣ ዝምተኛው ሁሉንም ጠጠሩን ገፍቶ እየጠበቀኝ ስለነበር፣ ሥራ ላይ ነኝ አባባ፣ መልሼ እደውላለሁ አልኩት። እሱም በል፣ ሥራህን አለኝ። በል ሥራህን። ይቺን ቃል በየቀኑ እሰማታለሁ።

ሹፌሩ ደግሞ አለ። የኛው ሰው ነው፣ የሌሊት ሠራተኞችን በሚኒባስ ሰብስቦ የሚያደርሰን፣ ሲያየኝ ሳይሰድበኝ ውሎ አያውቅም፣ ጠጉሬ ከፊት መሸሽ ከጀመረ ወዲህ «ግባ፣ ሜዳው» ነው የሚለኝ። ባለፈው ሰሞን ግን ምንም ሳይለኝ የጋቢናውን በር ከፈተልኝ። «እዚህ ተቀመጥ፣ የኋላው በር ተበላሽቷል» አለ፣ ድምፁ ለስላሳ ነው። ዞር ብዬ የኋላውን በር አየሁት፣ ዝግ ነው፣ ዝግ በር ተበላሸ አልተበላሸ በምን ይታወቃል? መንገዱን ሁሉ ዝም አለ።  ሰውዬው ያውቃል አልኩ በልቤ፣ ተነግሮታል፣ ጓደኞቹን እስኪያሰባስብ ነው፣ ለሐዘንተኛ ጋቢና ይለቀቃል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ትሉኝ ይሆናል፣ በሉ።

ከዚያ ወጥመዱን አጠመድኩ። አባባ ሲሸኘኝ የእጁን ሰዓት ፈትቶ ሰጥቶኛል፣ ከአንድ መጋዘን ሽያጭ በድለላ የደረሰው ነው፣ ወደፊት ይሮጣል እንጂ ቆሞ አያውቅም። ሲያስርልኝ የመከረኝ ምክር ስለ እግዚአብሔርም ስለ ክፉ ጓደኛም አልነበረም፤ «ቢቸግርህ ሽጠው፣ ርካሽ እንዳትሸጠው» ነው ያለኝ። ይኸው እጄ ላይ አለ፣ አሁንም ይሮጣል። ለእትዬ ደወልኩና፣ ለአባባ ንገሪልኝ፣ ሰዓቱን ሸጥኩት፣ ቸግሮኝ ነው በይው አልኳት። አልቸገረኝም፣ አልሸጥኩትም። ግን አባቴ በሕይወት ካለ ይሄን ሰምቶ የሚመልሰውን አውቀዋለሁ፣ አንቱ ነው የሚለኝ። እኔ አንተ የምለው ሰው ሲቀየመኝ እኔን አንቱ ይለኛል። ልጅ ሳለሁ እሱ በሌለበት የሰው ብስክሌት ባልረባ ዋጋ አሻሻጥኩና ሳምንቱን ሙሉ፣ አንቱ፣ ራት ይቅረብልዎ ወይ፣ አንቱ፣ ጫማዎን ያውልቁ እንጂ ሲለኝ ከረመ፣ እትዬ በሳቅ ስትሞት እኔ አለቅስ ነበር። አንቱ ከሱ አፍ በቀር ከማንም አፍ እንዲያ አይወጣም፣ ማንም ሊያስመስለው አይችልም።

መልሱ በድምፅ መልእክት መጣ። የልብስ ማጠቢያው ቤት ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ፣ አንድ እግሬን ቦቲ ጫማ ውስጥ ከትቼ ሰማሁት። «ነግሬዋለሁ ማሙሽ። ምንም አይደል፣ ዕቃ ነው፣ ዋናው ጤናው ነው ብሏል። መርቆሃል።» ደግሜ ሰማሁት። አባቴ ስለ ዕቃ፣ ዕቃ ነው ብሎ አያውቅም። ዕቃማ እንጀራው ነው። ይሄን ያለ አባት የኔ አባት አይደለም፣ የኔ አባት ይሄን ካላለ ደግሞ ምንም የሚል አባት የለኝም ማለት ነው። ቦቲ ያላደረገው እግሬ ሲበርደው ይታወቀኛል። ሁለተኛውን ጫማ አደርጋለሁ፣ ወጥቼ እሰለፋለሁ።

ተቆጣጣሪው ሥራ ሲጀመር ስም ይጠራል። እዚህ አገር የአባት ስም የቤተሰብ ስም ይመስላቸዋል፣ የኔን ትተው በሱ ይጠሩኛል፣ ደረቴ ላይ የተለጠፈው እሱ ነው፣ ደመወዝ የሚበላው እሱ ነው፣ ፖከሩ ውስጥ የተመዘገበውም እሱ ነው፤ በሕይወቱ መሐረብ አጥቦ የማያውቅ ሰው ሌሊት ሌሊት የሆስፒታል አንሶላ ሲያጥብ ያድራል እያልኩ እስቅ ነበር። ተቆጣጣሪው የአባቴን ስም ጠራ። እንደተለመደው ሰባብሮ፣ ግማሹን አፍንጫው ውስጥ አስቀርቶ ጠራ። በሆዴ አቤት ብዬ በአፌ በነሱ ቋንቋ አለሁ ነበር የምለው። አለሁ ማለት አቃተኝ። እንደገና ጠራ። በሞተ ሰው ስም እንዴት አለሁ ይባላል፣ ጎኔ የቆመችው አጣፊ በክርኗ ነካችኝ፣ እጄን ብቻ አነሳሁ። መተኮሻው ማሽን ላይ የአንሶላውን ሁለት ጫፍ ይዘን ወደ ሮለሩ፣ ወደሚሽከረከረው ትኩስ ብረት እንሰጣለን፣ እሷ በዚያ፣ እኔ በዚህ፣ ሌሊቱን ሙሉ ነጭ ጨርቅ ዘረጋሁ። አላለቀስኩም። ያልተረዳ ሰው አያለቅስም፣ መርዶ እስኪነገረው ዕንባውን ይዞ ይጠብቃል።

እና ይኸው እጠብቃለሁ። በሩ እስኪንኳኳ ዝምተኛውን እጠብቃለሁ። መስመሯ አለቀች ስል ሁሉንም ጠጠሩን ወደ መሃል ገፋው። አሁን ተራው የኔ ነው። እጄ ላይ ሁለት ንጉሥ አለ፣ መሃል ላይ አንድ ሌላ ንጉሥ ወጥቷል፣ ከዚህ የተሻለ ብዙ አይገኝም፣ እሱ ግን ዘገየ፣ የዘገየው ስላለው ነው ወይስ እንዳለው እንዲመስለኝ ነው ወይስ እንዲመስለኝ ፈልጎ ነው ብዬ እንዳስብ ነው። ስልኩ ደረቴ ላይ ተንቀጠቀጠ። ካርታውን ሸፍኖ የእትዬ ስም መጣ። በዚህ ሰዓት ደውላ አታውቅም፣ እንደምተኛ ታውቃለች። መጣ አልኩ። ሰው መላኩን ትተው ራሳቸው ሊነግሩኝ ነው።

«ማሙሽ፣ ቀሰቀስኩህ?»

«አልተኛሁም። በይ ንገሪኝ፣ አባባ እንደሞተ አውቄአለሁ።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ተጫንኩት። ከኋላዋ የቆርቆሮ በር ሲከፈት ይሰማል።

«ምን ያሟርትሃል አንተ» አለችኝ። «አጠገቤ ተቀምጦ ምን ያሟርትሃል?»

ከዚያ ሁሉንም ባንዴ አፈሰሰችው፣ እኔ ተነስቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ፣ ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል። ዝናቡ ሲገባ አንድ ጠዋት ከአልጋው ሊነሳ ሲል ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፣ አፉ ተጣመመ፣ ምላሱ ተሳሰረ። ሐኪሙ የጭንቅላት ደም ሥር ነው አለ። እግሩ እየተመለሰ ነው፣ ምላሱ ነው የዘገየው። ማሙሽ ይወቅ ስትለው በደህና እጁ አፏን ከደነው። ሰው እንዲያየው አይፈልግም፣ እንዲሰማውማ ጭራሽ፣ ደላላ ያለ ምላስ ምኑን ሰው ነው ብሎ እንደሆነ ገብቷታል። ኮቱን የፈጠረችው እሷ ናት። ምርቃቱንም የፈጠረችው እሷ ናት፣ አባባ እንዳይናደድ በሐኪም ታዟል፣ የሰዓቱን ነገር ፈጽሞ አልነገረችውም ነበር። ትናንት ፊቱን እያጠበችው ሳለ ሳታስበው አመለጣት፣ ያንን ሰዓትህን እኮ ሸጠው አለችው፣ ከዚያ ወዲህ ምግብም አልበላ፣ አላስቀመጣትም፣ ስልኩን እያሳየ ልቧን አውልቆታል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ መዋሸቷን አውቄ ነበር፣ ምን ደብቃ እንደምትዋሽ ግን አላወቅሁም። የሹፌሩም በር እውነት ተበላሽቶ ኖሯል ማለት ነው።

«እንካ፣ ያዘው» ስትል ሰማኋት፣ ለኔ አልነበረም።

ትንፋሽ መጣ። ከባድ ትንፋሽ፣ ደረጃ የወጣ ሰው ትንፋሽ። አባባ ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ስልኩን ከጆሮዬ ራቅ ሳደርገው ስክሪኑ ጥግ ላይ ጨዋታዬ ትንሽ ሆኖ ይታያል፣ አረንጓዴዋ መስመር አልቃ ትርፍ ጊዜ የምትሰጠው ቀይ መስመር ቀርታለች፣ ከስሯ ዝምተኛው በነሱ ቋንቋ ጽፏል፣ አለህ ወይ፣ ደህና ነህ? ብሎ። እስከ ዛሬ ፊደል ጽፎልኝ አያውቅም። ሰው ነው እንግዲህ። መስመሯ አለቀች፣ ሁለቱን ንጉሦቼን ማሽኑ ራሱ ጣለልኝ፣ እሱ ምን ይዞ እንደነበር አላየሁም፣ ስልኩን ወደ ጆሮዬ መለስኩት።

«አን…» አለ አባቴ። ቆመ። ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው እንደገና ሞከረ። «አንቱ።»

«አቤት» አልኩ። «አቤት አባባ።»

«ስንት… ሸ… ሸጡት?»

ሰዓቱ ስልኩን በያዝኩበት እጄ ላይ ነው፣ ጆሮዬ ሥር ይሮጣል፣ እሱም ሳይሰማው አይቀርም። አልሸጥኩትም ልለው እችል ነበር። ብነግረው ይታረቀኛል፣ አንተ ይለኛል፣ ይመርቀኛል፣ ምላሱም ያርፋል። እኔ እንዲያርፍ አልፈለግሁም። አንድ ዋጋ ጠራሁለት። የሚያሳፍር ዋጋ፣ ማሰሪያውን እንኳ የማይገዛ፣ አባቴ ሰምቶት ዝም ብሎ ሊያልፈው የማይችል ዋጋ።

ዝም አለ። ብዙ ዝም አለ። ውስጡ ምን እንዳለ አላነበብኩም፣ አልቆጠርኩም፣ እግሬን ከሲሚንቶው አንስቼ አልጋው ላይ ሰበሰብኩና ጠበቅሁት።

«ተ… በ… ሉ» አለኝ፣ አንድ አንድ ፊደል እየለቀመ። እትዬ ከኋላው ስትስቅ ሰማሁ፣ ወይም ስታለቅስ፣ ሁለቱን ድሮም አልለይላትም።

«አዎ አባባ» አልኩት፣ «ተበላሁ።»